ከጥያቄው ውጭ

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ለእኅቴ ልጅ፣ ለቀለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ያለሽበት አገር ብርዱ ጀመረ ብለሽ ነበርና ፈጣሪ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅሽ።

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ወንድምሽ ታስሯል። በሕይወት አለ፣ አልተመታም፣ ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነቢ እንዳትሸበሪ ብዬ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እንደምታውቂው የውኃ መሥሪያ ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ከተረከበ ስድስት ዓመቱ ነው። በመስከረም መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ዐሥራ አራት የውኃ ፓምፖች ጎድለው ተገኙ። በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱም አልተነካም። መርማሪው ጠርቶ አምስት ጥያቄዎች የተጻፉበት ወረቀት ሰጠውና «መልስህን ጽፈህ ነገ አምጣ» አለው። ወረቀቱን ይዞ ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጣ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን አዘጋጀነው። አንድ ገጽ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም፤ እያንዳንዱ መልስ ለየጥያቄው ነው። ፈርሞ ሰጠ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ቦታው ወሰዱት።

ክሱ እምነት ማጉደል ነው። ከተፈረደበት እስከ ዐሥር ዓመት ሊደርስ ይችላል አሉኝ። የትንሽ ልጁን ዕድሜ ደመርኩበት፤ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ይሆነዋል።

ባለፈው ስትደውዪ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ የዘጋሁት ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ ስልክ ጆሮው ብዙ ነው። አሁን ጠበቃ መያዝ አለብን፤ ጡረታዬ ደግሞ አይበቃም። የምትችይውን ያህል ላኪ፤ ተበድረሽ ግን አትላኪ። እዚህ ላለ ለማንም ሰው አትንገሪ።

አጎትሽ


ጥቅምት 23 ቀን

ለማከብርዎት ለአጎቴ፤

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ፤ ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታው። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢ ብለውኝ ቁጭ የምልበት ስላልነበረ የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። አለቃዬ «ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለችኝ። «አልሞተም» አልኳት።

የያዝኩትን ልኬያለሁ። የክረምት ጫማ ልገዛ ነበር፤ አሮጌው ገና ውኃ አያስገባም።

እርስዎ እንዳስተማሩን ጥያቄዎቼን ቆጥሬ ልጻፍ፤ አለዚያ እንደ ዕብድ ነው የምለፈልፈው። አንደኛ፣ ይበላል ወይ? ይተኛል ወይ? ሁለተኛ፣ ሚስቱና ልጁ የት ናቸው? ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ አባረረው ወይስ አገደው? አራተኛ፣ ጠበቃው ማን ነው? «ጠበቃ ነኝ» የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለምና እባክዎ ይጠንቀቁ።

አምስተኛውን ለብቻው ልጻፈው። ነሐሴ ላይ ልጁ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል የተኙ ጊዜ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ወንድሜ ከኮሪደሩ ደውሎልኝ ነበር። «የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለአለቃዬ ጥዬለት መጣሁ፤ ያ ሁሉ ብረት ከኪሴ ሲወጣ ሱሪዬ ሊወልቅ ነበር» ብሎ እያለቀስኩ አሳቀኝ። ቁልፉን የተቀበለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እነዚያን ሁለት ቀናት ቁልፉ በአለቃው እጅ ነበር ማለት ነው። ይህን ለመርማሪው ጽፏል፣ አይደል? አንድ ገጽ ነው ስላሉኝ ነው የጠየቅኩዎት። ወንድሜ አንድ ነገር በአንድ ገጽ ጽፎ አያውቅም።

ልጅዎ ቀለሜ


ኅዳር 4 ቀን

ለምወድሽ ለቀለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽው ደርሷል፤ ፈጣሪ እጥፍ አድርጎ ይተካልሽ። ጫማውን ግን ግዢ። ታመሽ ብትተኚ ለእኛም አትሆኚንም።

ጥያቄዎችሽን ልመልስ። ይበላል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ስንቅ አደርስለታለሁ። የሚተኛው ተራ ገብቶ ነው፤ ክፍሉ ለዐሥር ሰው ተሠርቶ ሃያ ስድስት ሆነዋል። ሚስቱና ልጁ እኔ ዘንድ ናቸው። ልጁ «አባዬ ቧንቧ ሊሠራ ሄዷል» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ያወራል፤ ማን እንዳለው አላውቅም። መሥሪያ ቤቱ አግዶታል፤ አላባረረውም።

ስለ ጠበቃው ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ እግሬ እስኪቀጥን ዞሬያለሁና። ሦስት ሰዎች አገኘሁ፤ ሦስቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ «ይህን ልጅ ነፃ ያወጡታል?»

የመጀመሪያው ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ የሚውል፣ ቦርሳው ከእሱ የሚከብድ ሰው ነው። ወረቀት እንኳ ሳያይ «አባት፣ ይህማ እንደ ወጣ ይቁጠሩት። ዳኛው የእኔ ሰው ነው» አለኝ። ስሙን ስጠይቀው «የዳኛውን ወይስ የእኔን?» አለ። ፈቃዱን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው ቤት ረሳሁት አለ። በኋላ ሲጣራ ጠበቃ ሳይሆን ማመልከቻ ጸሐፊ ነው።

ሁለተኛው እውነተኛ ጠበቃ ነው፤ ሊፍት ባለው ፎቅ፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ። አፉ ማር ነው። «ይመን፣ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አራት ዓመት ቢሆን ነው» አለኝ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ማለት ይህ ነው። «ያልሰረቀውን ነው የሚያምነው?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እኛ ስለ ስርቆቱ ሳይሆን ስለ ዓመቱ ነው የምንነጋገረው» አለ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ አንድ ክፍል አላት፤ ከታች ማሽኑ ሲሠራ ጠረጴዛዋ ይንቀጠቀጣል። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት። «አላውቅም። የሰጠውን ቃል ገና አላነበብኩም» አለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ በልቤ ዜሮ ሰጥቻት ነበር። ደረጃውን ግማሽ ከወረድኩ በኋላ፣ ከሦስቱ አላውቅም ያለችኝ እሷ ብቻ መሆኗ ገባኝ። ተመልሼ ወጣሁ። ፈቃዷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቁጥሩን ጽፌ ሄጄ አጣራሁ፤ ትክክል ነው። ውሉን በጽሑፍ አደረግን፤ ወንድምሽ ውክልናውን ፈረመላት።

በዋስ ይውጣልን ብላ አመለከተች፤ አልተፈቀደም። ቀጠሮው ለጥር 6 ነው። ጸልዪልን።

አጎትሽ


ኅዳር 17 ቀን

ለማከብርዎት ለአጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ጫማውን ገዛሁ፤ ይደሰቱ።

ጋሼ፣ የጠየቅኩዎት አምስት ነው፤ የመለሱልኝ አራቱን ነው። ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩ፤ የጎደለ ገጽ ይኖር ይሆን ብዬ ፖስታውን አራገፍኩ። እኛን «ዘለህ ያለፍከው ጥያቄ ዜሮ ነው» የሚሉን እርስዎ ነበሩ።

ስለ ቁልፉ ጽፏል ወይስ አልጻፈም?

ቀለሜ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለአጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ሦስት ሳምንት ሆነ። ስልክ ስደውል የወንድሜ ሚስት ታነሣና «ጋሼ ወጥተዋል» ትለኛለች፤ ከኋላ ሳልዎ ይሰማኛል። ሳልዎን በሃያ ሰው መካከል እለየዋለሁ።

ለምን እንደሚደበቁኝ አላወቅኩም። ተፈርዶበታል? ታሟል? እዚህ አንድ አዛውንት በየቀኑ «ደብዳቤ መጣልኝ?» ይሉኛል፤ ለሃያ ዓመት የጻፈላቸው የለም። ዛሬ እኔም እንደ እሳቸው በር በሩን ሳይ ውዬ ራሴን ታዘብኩት።

ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ። ዝምታዎ ከክፉውም ይብሳል። ገንዘብ ጎድሎ ከሆነ ሁለተኛ ሥራ አገኛለሁ፤ ገንዘብ ካልሆነ ደግሞ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።

ቀለሜ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ለምወድሽ ለቀለሜ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ገንዘብ አትላኪ። የምጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው፦ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትቀጂው።

አምስተኛው ጥያቄሽ፦ ጽፎ ነበር። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ገጽ ረቂቅ ይዞ መጣ። ስለ ልጁ ትኩሳት፣ ስለ ሆስፒታሉ ወረፋ፣ ቁልፉን ሐሙስ በስምንት ሰዓት ለአለቃው ስለ መስጠቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ስለ መቀበሉ ሁሉ ጽፏል። የመርማሪው ሦስተኛ ጥያቄ «የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ይቀመጣል?» የሚል ነው። ቀይ ብዕሬን አነሣሁና ስለ ሐሙስና ቅዳሜው ያለውን መስመር ሰረዝኩ። ዳር ላይ እንደ ልማዴ «ከጥያቄው ውጭ» ብዬ ጻፍኩበት። «የተጠየቅከው ስለ ቁልፉ ነው፤ ልጅህ ታመመ አልታመመ ማን ጠየቀህ?» አልኩት። ደግሞም ሥራ ጥሎ መሄዱን ማመን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንበታል ብዬ ሰጋሁ። «ጋሼ፣ ይህቺ እንኳ ባትሰረዝ…» ብሎ ጀመረ። «ጻፍ» አልኩት። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ጻፈ። መልሱ እንዲህ ሆነ፦ «ቁልፉ የሚቀመጠው በእኔ እጅ ብቻ ነው።» «ብቻ» የምትለዋን የጨመርኩለት እኔ ነኝ። ያለ እሷ መልሱ ያልተሟላ መስሎኝ ነበር።

ከተያዘ በኋላ ስለ ሐሙስና ዓርቡ ለመርማሪው በቃሉ ነግሮታል። መርማሪው የራሱን ወረቀት አሳየውና «ፈርመህ የሰጠኸኝን ልመን ወይስ እስር ቤት ሆነህ ያሰብከውን?» አለው። አለቃው ደግሞ ቁልፍ የሚባል ነገር በእጄ አልነካሁም ብሏል። ሁለቱ በሰው ፊት አልተረካከቡም፤ በመዝገብም አልተጻፈም።

ባለፈው ሳምንት ከጠበቃዋ ጋር ልናየው እስር ቤቱ ገባን። እንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠየቀችው።

«ይህን ዋና ነገር ለምን አልጻፍከውም?»

«ረሳሁት» አለ።

«ሰው ልጁ የታመመበትን ቀን ይረሳል?»

«ረሳሁት አልኩሽ እኮ።»

«እኔን ብትዋሸኝ የምትጎዳው ራስህን ነው። ዐቃቤ ሕጉ ይህንኑ ይጠይቅሃል፤ ‹ረሳሁት› ካልክ እዚያው አለቀልህ። ቃሉን ስትጽፍ ሌላ ሰው ነበረ?»

ወንድምሽ ወለሉን እያየ «ብቻዬን ነበርኩ» አለ። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ፣ ቀለሜ። ክንዳችን ይነካካል። ቀና ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አላየኝም፤ ቢያየኝ እንደሚታወቅብኝ ያውቃል። እኔም አላረምኩትም። ስንወጣ ጠበቃዋ «ጋሼ፣ ላብ አሰመጠዎት፤ ታመዋል እንዴ?» አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት። ኮት ለብሳ ነበር።

ረቂቁ አለ። ያረምኩትን ወረቀት እንደማልጥል ታውቂያለሽ። ዳሩ ላይ ፊርማዬና ቀኑ አለበት፤ ከመያዙ ሦስት ቀን በፊት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከተማሪዎቼ ወረቀት ጋር አስቀምጬው በየቀኑ አወጣዋለሁ። አንድ ቀን ክብሪት ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ሁሉ ልንገርሽ ብያለሁና ይህንንም ነገርኩሽ። የልጁ እናት በሩ ላይ መጥታ «ጋሼ፣ ምን ያነዳሉ?» ስትለኝ ክብሪቱን ኪሴ ከተትኩ።

የምፈራው ምን እንደሆነ ጠይቂኝ። ምስክር ሆኜ ስቆም «አንተ ነህ ቃሉን ያስለወጥከው» ብለው እኔንም እንዳያስሩኝ እፈራለሁ። ወረቀቱን ከእስሩ በኋላ የተፈበረከ ነው እንዳይሉም እፈራለሁ። አለቃውን እፈራለሁ፤ ባለፈው መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ጤናዎን ይጠብቁ መምህር፤ በዚህ ዕድሜ ፍርድ ቤት መመላለስ አይሆንዎትም» አለኝ፤ እየሣቀ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ ሳርም መኖሬን እፈራለሁ። ስንት እውነት «ከጥያቄው ውጭ» ብዬ ሰርዤ ይሆን?

ወንድምሽ እኔን ለመሸፈን ዐሥር ዓመት ሊታሰር ነው። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገብቼ፣ ከዚያው ሳልመለስ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጠበቃዋ እሄዳለሁ። ቤት ከተመለስኩ እንደማልወጣ ራሴን አውቀዋለሁ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለማከብርዎት ለአጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። አልቀደድኩትም። ለሁለት ቀን ግን መጻፍ አልቻልኩም። መጀመሪያ የጻፍኩት ደብዳቤ ሌላ ነበር፤ እሱን ቀደድኩት።

ተናድጃለሁ፤ አልዋሽዎትም። ስምንት ዓመቴ ሳለ መስታወት ሰብሬ «ድመቷ አስደነገጠችኝ» ብዬ ብጽፍ ስለ ድመቷ ያለውን ሰርዘው «መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ብቻ ተዉልኝ። ድመቷ ግን ነበረች፣ ጋሼ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ልነግርዎት ስፈልግ ኖሬያለሁ።

አሁን ነገርኩዎት። እናታችን ስትሞት ሁለታችንን በሁለት እጅዎ ይዘው የወሰዱን እርስዎ መሆንዎ ግን አልተሰረዘም። ወንድሜ ብቻዬን ነበርኩ ያለው ፈርቶዎት አይደለም። እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር፤ ግን ተሳስተናል፤ ውለታ በዚህ መንገድ አይመለስም።

ወረቀቱን ሰጧት? በቀጠሮው ቀን ሌሊት ፈረቃ ተቀብዬ ቀኑን ነፃ አድርጌያለሁ። ስልኩን ከእጄ አላስቀምጥም። ከተጠየቁ ሁሉንም ይናገሩ፤ ድመቷንም ጭምር።

ልጅዎ ቀለሜ


ጥር 10 ቀን

ለምወድሽ ለቀለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? በስልክ ባጭሩ ነግሬሻለሁ፤ ሙሉው ይኸውልሽ።

ወረቀቱን ለጠበቃዋ ሰጠኋት። አንብባ ጨረሰችና «ይህን ከሁለት ወር በፊት ቢሰጡኝ ኖሮ…» ብላ ጀምራ ተወችው። ከዚያ ግን በእሱ ሠራች። ከሆስፒታሉ የልጁን ካርድ አወጣች፤ ሐሙስ ከሰዓት ገብቶ ቅዳሜ ጠዋት ወጥቷል፤ አስታማሚው አባት ነው ይላል። ቀኖቹን ስላወቀች የመሥሪያ ቤቱ የበር መዝገብ እንዲቀርብ ጠየቀች። ዓርብ በምሳ ሰዓት አንድ የጭነት መኪና ወጥቷል። የመውጫ ፈቃዱ ላይ የአለቃው ፊርማ አለበት፤ የጫነው «ልዩ ልዩ ዕቃ» ይላል።

ከእኔ ጋር ሦስት ቀን ተለማመድን። «ጋሼ፣ ያላዩትን አይጨምሩ፤ ያደረጉትን አያሳምሩ» አለችኝ። እንደ መጀመሪያ ክፍል ተማሪ ደጋገምኩት።

ምስክር መቆሚያው ላይ ስወጣ ሁለት እጄን እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ። አለቃው የኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ እኔ ካስተማርኳቸው ባይሆንም ሊሆን ይችል ነበር።

«ምስክር፣ ይህን መስመር የሰረዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እውነት መሆኑን እያወቁ?»

«አዎ።»

«እውነትን የሚሰርዝ ሰው ዛሬ እውነት ይናገራል ብለን እንዴት እንመን?»

ይህን ከጠበቃዋ ጋር ተለማምደነው ነበር። መልሱ ጠፋኝ። ወንድምሽ ከተከሳሽ ቦታው ያየኛል፤ በዚህ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ።

«ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልስ የለኝም። ወረቀቱ ግን አለ» አልኩ።

ዳኛዋ የተሰረዘውን መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ አዘዘችኝ። በቀዩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያለ መነጽር ማንበብ አልቻልኩም፤ መነጽሬን ሳወጣ ወደቀብኝና ፖሊሱ አነሣልኝ። አነበብኩ፦ «ሐሙስ በስምንት ሰዓት ልጄን ወደ ሆስፒታል ስወስድ ቁልፉን ለአለቃዬ ሰጥቼ ቅዳሜ ጠዋት ተቀብያለሁ።» ዳኛዋ «ዳሩ ላይ ያለውንም» አለችኝ። እሱንም አነበብኩ።

ፍርዱ ለየካቲት 21 ተቀጥሯል። ጠበቃዋን «ነፃ ይወጣል?» ብዬ ጠየቅኳት። «አላውቅም» አለች፤ እንደ ፊተኛው። አለቃው እስካሁን ከቤቱ ወደ ሥራው ይመላለሳል። ሁለት ጊዜ በራችን ላይ የማላውቀው መኪና ቆሞ ነበር። የልጁ እናት መጋረጃውን አትከፍትም። እኔም አልቆጣትም፤ በሩን አሁን ሁለት ጊዜ የምቆልፈው እኔ ነኝ።

ከፍርድ ቤቱ ሲወስዱት ወንድምሽ በአጠገቤ አለፈ። «ጋሼ፣ ለመነጽርዎ ማንጠልጠያ ገመድ ያብጁለት» ብቻ አለኝ።

ትናንት በጠበቃዋ እጅ ለአንቺ ደብዳቤ ልኳል። ላዩ ላይ «ጋሼ፣ አርመው ይላኩልኝ» ይላል። አነበብኩት። ዘጠኝ ገጽ ነው። ስለ ክሱ ሊነግርሽ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ስለሚያንኮራፋ ሰው ይገባል፤ ከዚያ ልጁ ስለ ሳለው ቧንቧ፤ ከዚያ እናታችሁ የሞተች ቀን ስለ ለበስኩት ሹራብ። እኔ እንኳ ረስቼዋለሁ፤ እሱ የሹራቡ ቁልፍ የቱ ጋ ተበጥሶ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል። ግማሹ ከርዕሱ ውጭ ነው።

ቀዩን ብዕር ለልጁ ሥዕል መሥሪያ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤው እንዳለ ይኸውልሽ፤ አንድም መስመር አልነካሁም።

አጎትሽ